ሜትሩ ከየት ይጀምራል?

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። «ከትምህርት ቤት በ150 ሜትር ውስጥ ትምባሆ አይሸጥም» የምትል አንዲት መስመር በአካባቢያችን የቦታ አጠቃቀም ደንብ ውስጥ ማስገባት፣ በቃ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ባዶ እጄን አልሄድኩም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የህንድ ሕግ ከትምህርት ተቋማት በ100 ያርድ፣ ማለትም በ91 ሜትር ገደማ፣ ውስጥ ሽያጭ ይከለክላል። የአሜሪካዋ ከተማ ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባጸደቀችው ደንብ ደግሞ በትምህርት ቤቶች አቅራቢያ፣ በ500 ጫማ፣ ማለትም በ152 ሜትር ገደማ፣ ውስጥ አዲስ የትምባሆ መሸጫ ፈቃድ አይሰጥም። ይህን ሁሉ ለምክር ቤቱ ዘረገፍኩት። አንድ አባል ዝም ብለው ሰሙኝና «ከየት ነው የሚለካው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ከጓደኛዬ ጋር ሜትር ይዘን ወጣን። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ማዶው ሱቅ 163 ሜትር። ከአጥሩ ጥግ ግን 94። ሱቁ መስኮት ላይ ላይተር በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ ፍሬ ሲጋራ ለሚገዛ ነው። ቁመቱን ሳየው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጅ በደንብ ይደርስበታል። በመጨረሻ ከአጥሩ ጠርዝ እስከ ሱቁ በር፣ በቀጥታ መስመር ተባለ።

ትልቁ ስህተቴ «የትምባሆ መሸጫ» ብዬ መጻፌ ነው። ባለሱቆቹ ሳቁብኝ። ብስኩት፣ ሳሙና፣ ሲጋራ የሚሸጥ ሱቅ ራሱን የትምባሆ መሸጫ አይልም! «ትምባሆ የሚሸጥ ማንኛውም የንግድ ቤት» ብለን አስተካከልነው። አንዱ ባለሱቅ ግን ቁም ነገር ነገረኝ። የሲጋራው ትርፍ ትንሽ ነች፤ ሲጋራ ብሎ የገባ ግን ሌላም ይዞ ይወጣል። እኔ ስለ ሳንባ ስሰብክለት የከረምኩት ሰውዬ የሚፈራው ደንበኛ ማጣትን ነበር። ቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ ስንት ስብሰባ በተረፈኝ።

ነባር ባለፈቃዶች ባለቤት እስኪቀየር ይቀጥሉ የሚለውን ሳልወድ ተቀበልኩ። ያለዚያ ድምፅ አይሞላም ነበር። ውጤቱ? በመጀመሪያው ዓመት መንገዱ ላይ ምንም አልተለወጠም። ባሰ እንጂ፤ ፈቃድ ከወንድም ወደ ሚስት፣ ከሚስት ወደ ልጅ እየዞረ «ባለቤቱ ያው ቤተሰቡ ነው» ይባል ጀመር። «ባለቤት» ማን እንደሆነ አልጻፍንማ።

አሁን ማሻሻያውን እያረቀቅኩ ነው። የማዶው ባለሱቅ ሲያየኝ «ሜትርህን ይዘህ መጣህ?» ይለኛል። ላይተሩን ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል።