ስሙኒ አለህ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ጊታሩም ኪቦርዱም ድራሙም የሚጠገንባት ጠባብ ቤት አለችኝ። ባለፈው ጥር፣ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ፣ አንድ አባት ሶኖር የሚባል አሮጌ የጀርመን ድራም በባጃጅ ጭነው መጡ። በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ ሲመቱበት የነበረ ነው። «ለልጅ ልጄ ላወርሰው ነው፤ እንደነበረ አድርግልኝ» አሉ። «እንደነበረ» የምትለዋን ያዙልኝ።

ስፈታው ብሎኖቹ ዓይኔን ወጉኝ። የድራም ብሎን ጭንቅላቱ አራት ማዕዘን ነው፣ በራሱ ቁልፍ ነው የሚዞረው። የእነዚህ ግን መሃሉ ላይ የካቻቢቴ መግቢያ ተቀዶበታል። «ጋራዥ ነው የገጠመለት» አልኩና ረዳቴን «ጣላቸው» አልኩት። ረዳቴ «ጋሼ፣ ሁሉም እኮ አንድ ዓይነት ናቸው። ጋራዥ ይሄን ያህል መንትያ ከየት ያመጣል?» አለ። አርፈህ ሥራህን ሥራ አልኩት።

አዲስ አበባ ደወልኩ። ሻጩ «ኦርጂናል አለ» አለኝ። የምን ኦርጂናል ስለው «ኦርጂናል ቻይና» አለ። ስቄ ገዛሁ።

ሲገባስ ገባ። ትንሽ ይነቃነቃል እንጂ ይይዛል። ቆዳውን ልወጥር አንድ ዙር ስጨምር ግን ጧ ብሎ ዘለለ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። ካሊፐር፣ ማለትም ውፍረት መለኪያዬን፣ ያነሳሁት ያኔ ነው፣ መጀመሪያ ማንሳት ሲገባኝ። አሮጌው 6 ሚሊሜትር፣ አዲሱ 5.5 ገደማ። የአዲሱ ጥርስ በኢንች 24 ነው፤ ጥርሶቹ በ1 ሚሊሜትር ከሚራራቁት ከአሮጌው ጋር በጣም ስለሚቀራረብ እሺ ብሎ ይገባና ሲጠብቅ ይከዳል።

ሰውየው የመጡት ልክ እዚህ ላይ ነው።

«ብሎኖቼስ?»

«አባቴ፣ ኦርጂናል ስላልነበሩ ቀየርኳቸው።»

ኪሳቸውን ዳበሱ። «ስሙኒ አለህ?»

ግራ ገባኝ። በዚህ ዘመን ስሙኒ ምን ይገዛል? እሳቸው ግን ረጋ ብለው «ይሄን ድራም ዕድሜ ልኬን የቃኘሁት በስሙኒ ነው። መድረክ ላይ ቁልፍ ጠፋኝ ብሎ የሚራወጠው ሌላው ነበር» አሉ። ለካ ጀርመኖቹ ራሳቸው ናቸው እንዲያ የሠሩት። ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከበሮ ሲሠራ የኖረን ድርጅት እኔ ጋራዥ አደረግሁት!

ፊቴ ሲለዋወጥ ረዳቴ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ጎትቶ አወጣ። ብሎኖቹ በሙሉ፣ ታጥበው፣ ዘይት ተቀብተው። «ጣል ብለኸኝ ነበር» አለ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። ባይጨምር ይሻላል፣ እኔ ግን ቢጨምር እመርጥ ነበር።

በስሙኒ የገጠመውም እሱ ነው፣ ሳንቲሟን ያገኘናት ከጎረቤት ባለሱቅ መሳቢያ ነው። ሰውየው የኔን ሒሳብ ቆጥረው ከፈሉኝ፣ ጉርሻውን ግን ዓይኔ እያየ በረዳቴ እጅ አስጨበጡ።

አሁን ሶኖር ያለው ደንበኛ ሲመጣ ብሎኑን ከሩቅ አይቼ «ይሄ በስሙኒ ነው የሚዞረው» እላለሁ፣ ሲወለድ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው መስዬ። ረዳቴ ያኔ ሳል ይይዘዋል። የቻይናዎቹ ብሎኖች ደግሞ አሁንም መደርደሪያ ላይ አሉ፣ ኦርጂናል የሚፈልግ ካለ።