ዛሬ ልቀባ ወይስ ይቅር?

ለዓመታት ሜካፕ ሳልቀባ ከቤት ወጥቼ አላውቅም ነበር። ነገሩ የጀመረው ብጉር ትቶብኝ ከሄደው ጥቁር ጠባሳ ነው። እሱን ለመሸፈን ፋውንዴሽን፣ ማለትም የቆዳ ቀለም ያለው የፊት ቅባት፣ ገዛሁ። እያደር ጠባሳውን ብቻ መሸፈኑ ቀረና ፊቴን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ጀመርኩ።

ያቆምኩት በራሴ ፍላጎት አይደለም። ጉንጬ ላይ ሽፍታ ወጣብኝና የቆዳ ሐኪሟ «ለአራት ሳምንት ሜካፕ የሚባል ነገር እንዳትነኪ» አለችኝ። የመጀመሪያው ሳምንት በጣም ከበደኝ። የሥራ ባልደረቦቼ «አሞሽ ነው እንዴ?» ይሉኛል። በክፋት አይደለም፤ የለመዱት የተቀባውን ፊት ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን የሚጠይቀኝ ጠፋ። የእኔም ዓይን ለመደ፤ እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። መስታወት ሳይ ዓይኔ ቀድሞ ጠባሳው ላይ ማረፉን ተወ።

አራቱ ሳምንት ሲያልቅ ወደ ድሮው አልተመለስኩም። ሜካፕንም አልተውኩም፤ እወደዋለኋ! አሁን ጠዋት ጠዋት ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ዛሬ ባልቀባ ቀጠሮዬን እሰርዛለሁ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ያን ቀን ሆን ብዬ ሳልቀባ እወጣለሁ። «አልሰርዝም፣ ግን መቀባት አምሮኛል» ካልኩ ደስ ብሎኝ እቀባለሁ። ለሁሉም ሰው ይሠራል አልልም፤ ለእኔ ግን ሠርቷል።

ስቀባ ደግሞ የራሴን ፊት መምሰል እፈልጋለሁ። እዚህ ላይ ብዙ የተሳሳትኩት ቀለም ስመርጥ ነው። የእጄ ጀርባ ላይ እየሞከርኩ እገዛ ነበር። የእጅና የፊት ቀለም ግን ብዙ ጊዜ አይገጥምም። አሁን መንጋጋዬ ላይ፣ ወደ አንገቴ አቅጣጫ፣ ሁለት ሦስት ቀለም በቀጭኑ አሰምርና ደጅ እወጣለሁ። የሱቅ መብራት ያታልላል። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል እጠብቃለሁ፤ አንዳንዱ ፋውንዴሽን ቆዳ ላይ ሲቆይ ይጠቁራል። ፈልጌ ያጣሁት መስመር፣ እሱ የእኔ ቀለም ነው። ደግሞ ጠይም ሁሉ አንድ አይደለም። ወደ ቢጫ የሚያደላ አለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ አለ። ይህ ካልተስማማ ፊት አመድ የነካው ይመስላል።

ሌላው መጠኑ ነው። ሎሽንና ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ከተቀባሁ በኋላ እስኪሰርግ ጥቂት ደቂቃ እታገሣለሁ። ካልታገሥኩ ከላይ የምቀባው ሁሉ ይፈረፈራል። ከዚያ ኮንሲለር (ጠባሳ መሸፈኛ ቅባት) ጠባሳው ላይ ብቻ፣ በቀለበት ጣቴ መታ መታ አድርጌ። ማሸት የለም፤ ሲታሽ ይነሳል። ጠርዙን በእርጥብ ስፖንጅ አመሳስለዋለሁ። ፓውደር ግንባሬና አፍንጫዬ ላይ ብቻ። ቅንድቤን ፀጉር የሳሳበት ቦታ ላይ ትንሽ ነካ ነካ። ሊፕስቲኬ ከከንፈሬ ቀለም ብዙ አይርቅም። በቃ።

ስለ ሰንስክሪን ካነሳሁ አይቀር፣ ዚንክ ኦክሳይድ የሚባለው ነጭ ማዕድን ያለበት ፊቴን ነጭ ያደርግብኝ ነበር። ቀለም ያለውን ስሞክር ተገላገልኩ። ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ነው፤ እሱ ደግሞ ጠባሳን የበለጠ ከሚያጠቁረው፣ በዓይን ከሚታየው ብርሃን ጭምር ይከላከላል። ብዙ ቀን እሱን ብቻ ተቀብቼ እወጣለሁ።

አዲስ ነገር ስገዛ መጀመሪያ ክንዴ ውስጠኛው ክፍል ላይ ቀብቼ ሁለት ቀን አየዋለሁ። ማስካራ (የዓይን ሽፋሽፍት ቀለም) ከተከፈተ በሦስት ወሩ ይጣላል፣ ባያልቅም። ማታ ሳልታጠብ አልተኛም።

ትናንት ታናሽ እህቴ ፋውንዴሽን እንድመርጥላት ይዛኝ ሄደች። መንጋጋዋ ላይ ሦስት መስመር አሰመርኩና እጇን ይዤ ከሱቁ ወጣን። ደጅ ቆመን ስናወራ ሁለቱ መስመሮች እየጠቆሩ መጡ። ሦስተኛዋን ፀሐይ ላይ ብንፈልግ ብንፈልግ አጣናት።