አምስት ሞላ

ይሄ ነገር ካለፈ ቆይቷል። የስትራት፣ ማለትም የስትራቶካስተር ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ጀርባ ክዳን በፈታሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።

ያኔ አዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ሽያጩ ከፊት ነው፣ እኔ ከኋላ ጥገና እሠራለሁ። አንድ ጠዋት በሰርግና በሆቴል ሲጫወቱ የኖሩ ጋሼ ጊታራቸውን ይዘው መጡ። የጣታቸው ቦታ አንገቱ ላይ ተበልቶ እንጨቱ ታይቷል። ክሩን ከባለ 9 ወደ ወፍራሙ ባለ 10 ቀይረውት ክሮቹን የሚይዘው ብሪጅ ከኋላ ብድግ ብሏል፤ ክሩም አንገቱ ላይ ካሉት ብረቶች፣ ከፍሬቱ፣ ርቆ ጣት ያቆስላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባለ 9 ክር በተለመደው ቅኝት፣ ኢ ላይ፣ ሲቃኝ ስድስቱም ተደምረው 38 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። ባለ 10 ከሆነ 46 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ከጀርባ ያሉት ሞላዎች ያንን ጭማሪ ካልመለሱት ብሪጁ ወደ ፊት ያዘነብላል።

ባለሱቁ በትከሻዬ በኩል አየት አደረገና፣ «ምን ያስጨንቅሃል? አምስቱንም ሞላ ሙላው፣ ብሎኑን ጥብቅ አድርገህ እንጨቱ ላይ አስተኛው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። እርግጥ ስትራቶካስተር በ1954 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጀምሮ ለአምስት ሞላ ቦታ አለው። ግን ትሬሞሎ፣ ይሄ በሞላ የተያዘ ብሪጅ፣ የተሠራው እንዲንቀሳቀስ ነው። ብሪጁ ከኋላው 3 ሚሊሜትር ያህል ተነስቶ፣ ክሩ ከፊት ሞላው ከጀርባ እኩል ተሳስበው አየር ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ማየት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። እዚያ ለመድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትቃኛለህ፣ ብሪጁ ይነሳል፤ የሞላዎቹን ብሎኖች ሩብ ዙር ታጠብቃለህ፣ ክሮቹ ሁሉ ከቅኝት ይወጣሉ፤ እንደገና ትቃኛለህ፤ ወፍራሙን ኢ ስታስተካክል ቀጭኑ ይወርዳል፣ ቀጭኑን ስትይዝ ሌላው ያመልጥሃል። ሦስት ሞላ ነበር፣ አራተኛ ጨመርኩ። ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያልፉበትን ነት እርሳስ ቀባሁት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ብሪጁን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ፣ ዋሚ ባር፣ ከራሴ መሳቢያ አውጥቼ ሰካሁ፣ ወደ ታች ተጫንኩት፣ ለቀቅኩት፤ ስድስቱም ክሮች ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ባሬን መልሼ ነቀልኩ። ጋሼ ከሰዓት በኋላ መጥተው ከፍለው ወሰዱት።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ብሪጁ ከኋላ ቁጭ ብሏል፣ ክሮቹ ፍሬት ላይ ዝዝዝ ይላሉ። ቅኝት የሚለካው ቱነር ላይ አደረግኩት።

«ጋሼ፣ ግማሽ ቶን ወርዶ ነው እኮ የተቃኘው።»

«አዎ፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምጫወተው። ዘፋኛችን እዚያ ላይ ነው የሚመቸው።»

«ይሄን አልነገሩኝም እኮ።»

«መች ጠየቅከኝ ልጄ?»

ቁጣ የለበትም። ልክ ሰዓት ስንት ነው እንደማለት ነው ያሉት። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ክር ግማሽ ቶን ሲወርድ ስበቱ በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 46 የነበረው 41 ሆነ ማለት ነው። ሞላው አሸንፎ ብሪጁን አስቀመጠው።

ካቻቢቴዬን አንስቼ ብሎኖቹን ላላላ ስል እጄን ያዙኝ። «ቆይ» ብለው ጊታሩን ተቀበሉኝ። ድምፅ ማጉያው፣ አምፕ ላይ እንኳ አልተሰካም። ትዝታ ጀመሩ። ሁለተኛውን ክር መትተው እየጮኸ ትተውት ሦስተኛውን ቤንድ አደረጉት፣ ድምፁ ከፍ እንዲል በጣት ገፉት። ሦስተኛው ወደሚፈለገው ወጣ። ያልተነካው ሁለተኛው ክር ግን ቀስ እያለ ሰመጠ። ደገሙት። ደግሞ ሰመጠ።

«ሰማኸው? ይቺኛዋን ማን ነካት?»

ማንም አልነካትም። አንዱ ክር ሲሳብ ብሪጁ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ሌሎቹ ይላላሉ። ይሄን አውቀዋለሁ። ግን እኔ የሞከርኩት በባር ነው፣ እሳቸው የሚጫወቱት በጣት ነው። ያኔ ነው የጠየቅኩት።

«ዋሚ ባሩን ይጠቀሙበታል?»

«የቱን ባር? ስገዛውም አልነበረውም።»

የባሩን ቀዳዳ አየሁት። ክሮቹን ስፈታ፣ ብሪጁን ስለካ፣ የራሴን ባር ስሰካ እዚያው ፊቴ ነበር። ዳር ዳሩ ዝጎ፣ ውስጡ አቧራ ሞልቶት።

«ሰርግ ላይ አንድ ክር ቢበጠስብኝስ፣ ሌሎቹ ምን ይሆናሉ?» አሉኝ።

«ሁሉም ከቅኝት ይወጣሉ።»

«ሁለተኛ ጊታር የለኝም።»

አምስተኛውን ሞላ አስገባሁ። ብሪጁ እንጨቱ ላይ ተኝቶ ንቅንቅ እስከማይል አጠበቅኩት። ሥራው ግን እዚያ አያልቅም። ብሪጁ ሲወርድ ክሩም ስለሚወርድ ክሮቹ ብሪጁ ላይ የሚያርፉባቸውን ሳድሎች አንድ በአንድ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ ኢንቶኔሽኑን፣ ክሩ አንገቱ ላይ ሁሉ ቅኝቱን እንዲጠብቅ፣ በግማሽ ቶን ዝቅታው እንደገና መያዝ ያስፈልጋል። ይሄ የአሥር ደቂቃ ሥራ አይደለም። ጨርሼ ሰጠኋቸው፣ ያንኑ ትዝታ ያንኑ ቦታ ላይ ተጫወቱት። ሁለተኛው ክር ፍንክች አላለም።

ባለሱቁ ሲያልፍ አይቶ «አላልኩህም?» አለኝ።

ብሎኛል። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። እሱም እኮ ምንም አልጠየቃቸውም። ስለ ግማሽ ቶኑም ስለ ባሩም አያውቅም። የመጣ ጊታር ሁሉ አምስት ሞላ ነው ለእሱ። በሳምንቱ ባሩን ሲያርገበግብ የሚውል አንድ ልጅ ጊታሩን ሲያመጣም አምስት ብሎ ነበር። በዚያ ላይ ጋሼን እንደገና አስከፈላቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከደሞዜ ቁረጠው ብዬ ብነግረው «ሥራ ሥራ ነው» አለኝ። እሳቸው ምንም ሳይሉ ቆጥረው ሰጡት።

አላስችል አለኝና አንድ ፓኬት ባለ 10 ክር በራሴ ገንዘብ ገዝቼ በር ላይ ደረስኩባቸው። ፓኬቱን ከፈቱት። ቀጭኗን ኢ ብቻ አውጥተው፣ ጠቅልለው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። የቀሩትን አምስቱን መለሱልኝ።

«የምትበጠሰው ይቺ ናት» አሉኝ።