የብረት ሳጥኔ

በ1961 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ሦስት ወጣት መኮንኖችን «የጥበቃ ጀልባ ማዘዝ ይችላሉ ወይ?» ብዬ እንድገመግም ታዘዝኩ። ባሕር ኃይላችን ገና ልጅ ነበር። አስመራ የነበረው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ከተከፈተ ከአሥር ዓመት ብዙም አልዘለለም። እኛ ፈታኞቹም ልጆች ነበርን፤ አይታወቀንም እንጂ።

የጽሑፍ ፈተናው፣ የካርታ ንባቡ፣ የመብራት ምልክቱ በሁለት ቀን አለቀ። ጉዴ የመጣው በሌሊቱ ጉዞ ነው።

መስመሩ ከምጽዋ ወደ ዳህላክ ነበር። ደሴቶቹ ዝርግ ስለሆኑ በጨለማ አይታዩም። ኮራሉ፣ ማለትም ባሕር ውስጥ የሚያድገው ድንጋያማ ነገር፣ ደግሞ ከጥልቅ ውሃ ድንገት ቀጥ ብሎ ይነሳል። ደንቡ «ፈታኝ አይናገርም» ይላል። እውነቱን ለመናገር ደንቡን እወደው ነበር። ያስከብራል።

የመጀመሪያው ልጅ ከወደብ እንደወጣን ዞር እያለ የወደቡን መብራት ያያል። «ጌታዬ፣ ኮምፓሱ...» ሲለኝ «ፈተና ላይ ነህ!» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ትንሽ ሄዶ ሞተር አስጠፋ፣ መልሕቅ አስጣለ፣ እስኪነጋ ጠበቀ። እኔም በባትሪ ብርሃን «ድፍረት ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ፈርሜ አስረከብኩ። ለምን እንደቆመ አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ሌሊት የሁለተኛው ተራ ሆነ። ቁመናው ያማረ፣ ትእዛዙ ጥርት ያለ። «አዛዥ ማለት ይሄ ነው» እያልኩ ሳለ ከእግራችን ሥር ምጣድ በድንጋይ ሲፋቅ ዓይነት ድምፅ መጣ። ኮራል! ደግነቱ በዝግታ ነበር የምንሄደው። ውሃ አልገባም፤ ፕሮፔለሩ ግን ተጣመመ። አንጋፋው ሞተረኛ በባትሪ ሲያስስ ቆይቶ ከኮምፓሱ ሥር አንድ የብረት ሳጥን ጎትቶ አወጣ። መርፌው ዓይናችን እያየ ዞረ።

ሳጥኑ የእኔ ነበር። የግምገማ ቅጾቼን የምይዝበት።

የመጀመሪያውን ልጅ ቅጽ ላርም ብል ያስረከብኩት ክፍል «የተፈረመ አይመለስም» አለኝ። ሦስቴ ተመላለስኩ፤ ሦስቴም ያው መልስ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰው ለመገምገም የምትቀመጡ፣ ደንቡ ምንም ይበል፣ ተናገሩ። ልጁ ከቆመ ለምን እንደቆመ ጠይቁት። ሞተረኛውንም ጠይቁ፤ እሱ ከቅጹ በላይ ያውቃል። ቁመናና የጠራ ድምፅ ሲማርካችሁ ደግሞ እስክሪብቷችሁን አስቀምጡ።

ያ የመጀመሪያው ልጅ ጀልባ የተሰጠው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? በኮምፓሱ ዙሪያ በቀይ ቀለም መስመር አሰመረ። ልጎበኘው ስሄድ መስመሩ ጋ አስቆመኝና በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ ቦርሳዎን እዚህ ይተዉልኝ» አለኝ።