ከኋላችን የቆመው ብርሃን

ወገኖች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ ልጽፈው ተቀምጬ ተነሥቻለሁ። ያቺ ቁልቁለት ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። ዛሬ ግን ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ቃል በቃል እያወጣች፣ "አሁን ካልጻፍከው... መቼ ልትጽፈው ነው?" አለችኝ። እሺ ብያታለሁ።

ከመኪናዋ ልጀምር። የ1965 ሞዴል ቮልስ ናት። ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣ መጫኛዋ ከፊት። ባለ 1,200 ሲሲ። ውሃ የሚባል ነገር አትጠይቅም፤ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለች መኪና ባጠገቤ ካለፈች አንገቴ አብሯት ይዞራል። "ጡረታ ስወጣ አንዷን ገዝቼ፣ አንቺን ከፊት፣ ልጆቹን ከኋላ አድርጌ እንዞራለን" እያልኩ ለባለቤቴ ቃል ገብቼላት ነበር። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ገዛኋት። ወለሏ ዝጓል፤ ወንበሯ ተቀዷል፤ ሞተሯ ከተነሣ ዓመታት ሆኖታል። ምንም አልመሰለኝም። ጊዜ አለኝ፣ ጤና አለኝ፣ ሚስቴ አለችልኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ ወደቀች።

ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኗ ከዳት። ንግግሯም ተያዘ። 40 ዓመት ሙሉ በስሜ ስትጠራኝ የኖረች ሴት፣ ስሜን ማውጣት አቃታት። ከንፈሯ ይሞክራል፤ ዓይኗ እንባ ይሞላል፤ ቃሉ አይመጣም።

አሁን የማፍርበትን ነገር ሳልደብቅ ልናገር። እግዚአብሔርን ተቆጣሁት። ቅር መሰኘት አይደለም፤ ቁጣ ነው። አንድ ሌሊት መኪናዋ የቆመችበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ጮህኩበት። "ዕድሜ ልኬን አገለገልኩህ። የለመንኩህ አንድ ነገር ነበር፤ ከእሷ ጋር በሰላም ማርጀት። እሱንም ነፈግከኝ። ከእንግዲህ ስምህን አልጠራም" አልኩት። በዚህ አፌ ነው ያልኩት። ከዚያ ሸራውን መኪናዋ ላይ ጎትቼ ወጣሁ።

መጸለይም አቆምኩ። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ተሽከርካሪ ወንበሯን እየገፋሁ እገባለሁ። ሰው ሲዘምር የእኔ አፍ ዝግ ነው። አሜን ሲባል ከንፈሬን እንኳ አላንቀሳቅስም። ማንም አላወቀብኝም። እሷ ግን ታውቅ ነበር። በደህናው እጇ እጄን ይዛ ትጨብጠኝ ነበር፤ ሌላ ምን ማድረግ ትችላለች?

ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በየማክሰኞው ቤታችን እየመጣችሁ ራስጌዋ ላይ የጸለያችሁ እህቶች፣ ስማችሁን ባልጽፍም ራሳችሁን ታውቃላችሁ። እኔ በር ከፍቼላችሁ ወደ ጓዳ ስገባ ሥራ ያለብኝ ይመስላችሁ ነበር። ሥራ አልነበረብኝም። ጸሎታችሁን ላለመስማት ነው። ይቅር በሉኝ። ጌታ ብድራታችሁን ይክፈላችሁ። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያንቀሳቀሰች ያስተማረቻት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ትባረክ።

ቀስ በቀስ ቆመች። ከዚያ በምርኩዝ ተራመደች። ቃላትም አንድ ሁለት እያሉ መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ጠዋት በግራ እጇ ወደ ውጭ እያመለከተች "መኪናዋስ?" አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ የቆመችውን መኪና ማለቷ ነው። ልጄን ጠራሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሸራውን አብረን ገለጥነው።

ከልጄ ጋር እንደዚያ ሰሞን ተቀራርበን አናውቅም። የቮልስ ሞተር በአራት ብሎን ነው ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ አወረድነው። አንድ አንጋፋ መካኒክ እየመጣ ያሳየን ነበር። ካርቡራተሩን ፈትተን አጠብን። ካንዴላ ቀየርን። ዲናሞውን አስጠገንን። "ይቺን ቺንጊያ አደራ" ይለኝ ነበር መካኒኩ። "ዲናሞውንም ማቀዝቀዣውንም የምታዞረው እሷ ናት። ቀዩ መብራት ከበራ አንድ ሜትር አትሂድ፤ ሞተርህ ይቃጠላል።" ሌላም ነገር ነግሮኝ ነበር። "የፍሬን ቱቦዎቹ አርጅተዋል፤ ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል፤ ቀይራቸው" አለኝ። በሚቀጥለው ወር አልኩት። ቀለሙን ግን ሁለት ጊዜ አስቀባሁ። ፓራውርቲውን እስኪያብለጨልጭ አስወለወልኩ። ይህን የምጽፈው የቆየ መኪና ያላችሁ ሁሉ እንድታነቡት ነው። እኔ ለዓይን የሚታየውን አስቀድሜ፣ የልጅ ልጆቼን ሕይወት የያዘውን ላስቲክ አሳደርኩት።

ከዚያ ቅዳሜዎቹ መጡ። ባለቤቴ ከፊት ትቀመጣለች። በቮልስ ዳሽቦርድ ላይ፣ ከተሳፋሪው ፊት ለፊት፣ መያዣ እጀታ አለ። እሱን በግራ እጇ ይዛ፣ ትንሿን ባለ ሦስት ማዕዘን መስኮት ገርበብ አድርገንላት፣ ነፋሱ ፊቷን ሲነካት ማየት ነበር። ልጄና ሁለቱ ልጆቹ ከኋላ። ሴቷ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወንዱ አምስት። የትም ብንቆም ሰው ይሰበሰባል። አንዱ "አባቴ እንደዚህች ያለች ነበረችው" ይላል። ሌላው ሞተሩን ክፈትና አሳየኝ ይላል። ባለቤቴ ለማያውቋት ሰዎች ፈገግ ትላለች። ከሕመሟ ወዲህ ሰው ፊት መውጣት ያሳፍራት የነበረች ሴት። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ምስጋና አልነበረኝም። ለማን ላመስግን? ስሙን አልጠራም ብያለሁ።

ወደዚያች ሌሊት ልምጣ።

ተራራው አናት ላይ ውለን ነበር። ልንመለስ ስንል ዝናብ ጣለ። ያባራል ብለን ጠበቅን። ሳያባራ መሸ። የ1965 ቮልስ ባለ ስድስት ቮልት ናት፤ መብራቷ በደህና ቀን እንኳ እንደ ሻማ ነው። በዝናብ ውስጥ ከፊቴ የሚታየኝ ጥቂት ሜትር ብቻ ነበር። የልጄ ሚስት በዚያ ቀን አልመጣችም፤ ግን ከወራት በፊት "አባባ፣ ለኋላ ወንበርም ቀበቶ ካላስገጠሙ ልጆቼን አልሰጥዎትም" ብላኝ አስገጥሜ ነበር። ልጄ ሆይ፣ ያን ቀን ጠንከር ስላልሽብኝ እግዚአብሔር ይባርክሽ።

ቁልቁለቱን ጀመርን። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፔዳሉ ለስለስ አለብኝ። ዝናቡ ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛው ላይ ከወትሮው ጠልቆ ወረደ። ሦስተኛው ላይ ረገጥኩት፤ እግሬ ወለሉ ላይ አረፈ።

ምንም የለም። ባዶ ነው።

በዚያ ዘመን ሞዴል የፍሬን ዘይቱ መስመር አንድ ነው። አንዱ ጋ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ደጋግሜ ረገጥኩ። አሁንም ባዶ። መኪናዋ መንደርደር ጀመረች። ልጄ ከኋላ "አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ቀስ በል እንጂ" አለኝ። "ፍሬን የለኝም" አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

ያኔ ነው ከአፌ የወጣው። "ጌታ ሆይ!" አልኩ። አስቤ አይደለም። መርጬም አይደለም። ሁለት ዓመት የዘጋሁት በር በአንድ ጩኸት ተከፈተ።

ወደ ሦስተኛ ማርሽ አወረድኩ። ሞተሩ ጮኸ። ትንሽ ያዝ አደረጋት። ወደ ሁለተኛ አወረድኩ። የእጅ ፍሬኑ በገመድ ስለሚሠራ የፈሰሰው ዘይት አይመለከተውም። ግን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። በእርጥብ መንገድ፣ ክብደቷ ከኋላ የሆነች መኪና፣ በኃይል ብጎትተው ተሽከርክራ ገደል ትገባለች። አዝራሩን ተጭኜ እንደያዝኩ ጥቂት እጎትታለሁ፣ እለቃለሁ። እጎትታለሁ፣ እለቃለሁ። በቀኜ ገደል ነው። የት ድረስ እንደሚወርድ አይታየኝም። ሴቷ ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

በዚህ መሐል ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ።

"ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ? ረዳቴ ሰማይና ምድርን ከሠራ ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው።"

ባለቤቴ ናት። ሦስት ቃል አያይዛ መናገር የማትችለው ባለቤቴ። ሳትደናቀፍ። እጀታውን ይዛ፣ ፊት ለፊት እያየች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም፥ የሚጠብቅህም አይተኛም።" የእኔ እግር ባዶ ፔዳል ላይ ነው። "እግርህን" ስትል ለእኔ የምትናገር መሰለኝ። አሁንም ያንን ጥቅስ ሳነብ ቀኝ እግሬ ይሞቃል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በኋላ አስረድታናለች። በስትሮክ ንግግራቸው የተያዘ አንዳንድ ሰዎች፣ ለዓመታት በቃላቸው የያዙትን ጸሎትና መዝሙር ሳይደናቀፉ ሊሉት ይችላሉ አለችን። ገባኝ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት፣ በዚያች መኪና ውስጥ ያንን ቃል ከአንደበቷ ማን እንዳወጣው አውቃለሁ።

ከኋላችን ብርሃን መጣ። ከባድ መኪና ነው። መጀመሪያ ፈራሁ፤ ይገጨናል አልኩ። በቮልስ የፍሬን መብራት የሚበራው በዘይቱ ግፊት ነው፤ ዘይት ከሌለ መብራትም የለም። እየታገልኩ እንደሆነ በምን ያውቃል? ልጄ ዞሮ በኋላው መስታወት በኩል እጁን ያወዛውዝ ጀመር። ሹፌሩ አየው። ርቀቱን ጠብቆ ረጅም መብራቱን ለቀቀልን። ጥሩንባውን ሳያቋርጥ ይነፋል፤ ከታች የሚመጣ ካለ እንዲጠነቀቅ። መንገዱ ድንገት ቀን ሆነ። ጠርዙ ታየኝ። መታጠፊያው ታየኝ። ከመታጠፊያው በፊት በግራ በኩል፣ ወደ ላይ የሚወጣ የጠጠር መንገድ ታየኝ። በእኔ መብራት ቢሆን አልፌው ከሄድኩ በኋላ እንኳ አላየውም ነበር።

መሪውን ሰበርኩ። ጠጠሩ ላይ ወጣን። ዳገቱ ያዘን። መኪናዋ እየቀዘቀዘች፣ እየቀዘቀዘች ሄዳ ቆመች። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ጎተትኩት። ልጄ በእናቱ ወንበር በኩል እንደ ምንም ሾልኮ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገ።

ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ብቻ ይሰማል። ባለቤቴ ጨረሰችው፤ "ከዛሬ ጀምሮ እስከ ለዘላለም ድረስ እግዚአብሔር መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቃል።" ከዚያ ዝም አለች። ትንሹ ልጅ ተኝቷል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ተኝቷል፤ አንዴም አልነቃም።

ሹፌሩ በዝናቡ እየሮጠ መጣ። የልጄ እኩያ ነው። "አይዞዎት አባቴ፣ አይዞዎት፣ ተርፈዋል" እያለ በሩን ከፈተልኝ። መውረድ አቃተኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። አቅፎ አወረደኝ። ባለቤቴንና ልጆቹን በራሱ መኪና ጋቢና አሳፍሮ እስከ ታች አደረሳቸው። ገንዘብ ሰጠሁት፤ አልቀበልም አለኝ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ። አንተ ሹፌሩ ልጄ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ የዚያች ሌሊት ሽማግሌ እኔ ነኝ። በየቀኑ እጸልይልሃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሴን አወረድኩ። አቧራ ነበረበት። ዘጸአት 14 ላይ ወጣልኝ። እስራኤል በባሕሩ ፊት ሲቆሙ፣ ከፊታቸው ይሄድ የነበረው የደመና ዓምድ ተነሥቶ ከኋላቸው ቆመ፤ በሌሊትም አበራላቸው። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከኋላ መቆሙን ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ "የት አለህ?" እያልኩ ፊት ፊቴን ሳይ ነበር። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ጋራዥ ውስጥ ያልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አሜን ሲባል ጮክ ብዬ አልኩ። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ።

የፈነዳው የፊት ጎማ የፍሬን ቱቦ ነበር። ቱቦዎቹን ሁሉ ቀየርን። ማስተሩን፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን፣ አውጥተን ባለ ሁለት መስመር አስገባን፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው እንዲይዝ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ አሁን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ እንቀይረዋለን። ቀለሟ አንድ ቦታ ተልጧል። አላስቀባሁትም።

አራት ወር ያህል ግን መሪ አልጨበጥኩም። ያስነሣችኝ እንደገና እሷ ናት። "ወደ ተራራው" አለች። በጠራራ ፀሐይ ወጣን። ስንመለስ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያልን ወረድን። ያቺ የጠጠር መንገድ ጋ ስንደርስ አቁም አለችኝ። ልጆቹ ወርደው ለታኮ የተጠቀምንበትን ድንጋይ ፈለጉት፤ አገኘነው ብለው አንዱን ይዘው መጡ። እሱ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል። ከፊት፣ ከመለዋወጫ ጎማው አጠገብ አስቀመጥነው። ባለቤቴ ማዜም ጀመረች። ልጄ ተቀበላት። እኔም ተቀበልኳት፤ እየዘመርን ቁልቁል ወረድን።