ሰምቼዋለሁ፣ ግሩም ነው

ልጄ የቀዳችውን ድምፅ ማታ በቴሌግራም ላከችልኝና በማግስቱ ጠዋት «ሰማኸው?» አለችኝ። ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። «ሰምቼዋለሁ፣ ግሩም ነው» አልኳት። አልሰማሁትም። አሥራ አንድ ደቂቃ ይረዝማል፣ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ነበር፣ ደግሞም የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አባት ሆኖ ይህችን ታህል ያልዋሸ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ነገሩ የጀመረው ከቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ነው። መምህሯ ተማሪዎቹን «ከምትኖሩበት አካባቢ አንድ የቆየ ተረት ምረጡና በራሳችሁ መንገድ በአማርኛ ተርኩልኝ» ይሏቸዋል። የእኔዋ ራስ አልባውን ፈረሰኛ መረጠች። አልፈርድባትም። የምንኖረው ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን ባለችው ዮንከርስ ነው፤ የሃድሰንን ወንዝ ይዞ ወደ ሰሜን ግማሽ ሰዓት የነዳ ሰው ፈረሰኛው ይዞርበታል የሚባለው ስሊፒ ሆሎው ይደርሳል። ለእሷ ከአያ ጅቦ ይልቅ ጎረቤቷ እሱ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው፦ ዋሽንግተን ኢርቪንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ያሳተመው ነው። በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ለእንግሊዝ ሊዋጋ ከጀርመን የመጣ አንድ የሄሰን ወታደር፣ ስሙ ባልተነገረ ውጊያ ላይ ጭንቅላቱን የመድፍ ጥይት ይወስደዋል። ሬሳው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይቀበራል፤ መንፈሱ ግን በየሌሊቱ ጭንቅላቱን ፍለጋ በፈረስ ይወጣል። እንደ ነፋስ የሚጋልበው ሳይነጋበት መቃብሩ ለመግባት ነው ይባላል።

እኔን የማረከኝ ግን የሚባረረው ሰው ነው። ኢካቦድ ክሬን የመንደሩ አስተማሪ ነው። ደመወዙ ሆዱን ስለማይሞላለት፣ ንብረቱን በአንዲት መሐረብ ቋጥሮ በየሳምንቱ ከአንዱ ተማሪ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ ይበላል፣ ያድራል። በተጨማሪም ለመንደሩ ወጣቶች መዝሙር ያስተምራል፤ እሑድ እሑድ መዘምራኑን ይዞ ምእመናኑ ፊት ይቆማል። ይህን ያነበብኩ ዕለት «ይህማ የቆሎ ተማሪ ነው!» ብዬ ጮኬያለሁ። አኩፋዳ ብቻ ነው የጎደለው። ዓይኑም ከምግብ አይነቀልም፤ ሀብታሙ ገበሬ ግቢ ሲገባ በሕይወት የሚንጎራደደው አሳማ ለእሱ የሚታየው ተጠብሶ፣ ፖም አጉርሰውት ነው። ስሙ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው፤ በመጀመሪያ ሳሙኤል ላይ እናትየው «ክብር ከእስራኤል ለቀቀ» ብላ ያወጣችው ስም። ይህችን ያዙልኝ፤ ክብር የሚለቅበት ቦታ ላይ እንደርሳለን።

አንድ ሌሊት ኢካቦድ ከድግስ ሲመለስ ፈረሰኛው ያባርረዋል፤ ድልድዩ ጋ ሲደርሱም ጭንቅላቱን አንስቶ ይወረውርበታል። በማግስቱ መንደርተኛው ወንዙ ዳር ያገኘው ባርኔጣውንና አጠገቡ የተፈረከሰ ዱባ ነው። መንፈስ ይሁን ወይም በአንዲት ልጅ የተፎካከረው ጎረምሳ፣ ኢርቪንግ ለይቶ አይነግረንም።

እንግዲህ ልጄና ጓደኞቿ የሚያነቧቸውን እንደገና የተጻፉ የመንፈስ ታሪኮች አልፎ አልፎ እያነሳሁ አያለሁ። በዱሮው ተረት መንፈስ ያስፈራል፤ በአሁኑ ያፈቅራል። ዕድሜው ምንጊዜም አሥራ ሰባት ነው፣ የሚያወራውም ስለ ብቸኝነቱ ነው፣ ፀጉሩም ግንባሩ ላይ ይወድቃል። ራስ አልባው ፈረሰኛ ለዚህ የመጨረሻው ትንሽ ያስቸግራል። የልጄም ፈረሰኛ አሥራ ሰባት ዓመቱ ሆነ፤ ተራኪዋም ሁለቱ ወንዶች የሚፎካከሩባት የገበሬው ልጅ ካትሪና ሆነች። እራት ላይ ይህንን ስትነግረኝ፣

«ጭንቅላት የሌለው ሰው እንዴት ይሳማል?» አልኳት።

የጠቀለለችውን እንጀራ ሳህኑ ላይ መለሰችው። «አባዬ፣ ማንም ማንንም አይስምም። ልጁን የአገሩ ገዢ ነው ለገንዘብ ለእንግሊዝ ያከራየው። በሰው አገር ሞተ። ጭንቅላቱን እንኳን የፈለገለት ሰው የለም፤ ራሱ ነው የሚፈልገው።»

እናቷ ቀና ብላ አየችኝ። አረብ አገር የሞተችው የአክስቷ ልጅ አስከሬን አገር ቤት እስኪገባ ስንት ወር እንደፈጀ ሁላችንም እናውቃለን። ቀልዴን ከወጡ ጋር ዋጥኩት። ትንሽ ቆይቼ ግን እልህ ያዘኝና «ቢሆንም የሰው ድርሰት እንዲህ መለወጥ ተገቢ ነው?» አልኩ። «ራስ አልባ ፈረሰኛ እኮ በጀርመንም በአየርላንድም ተረት ከኢርቪንግ በፊት ነበረ» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ውኃ ጠጣሁ።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ፈረስ ገባበት። ለኮቴው ድምፅ የእናቷን ሙቀጫ ምንጣፍ ላይ ገልብጣ በዘነዘናው ትደልቀው ጀመር፦ ደብ ደብ፣ ደብ ደብ፣ ደብ ደብ። የታች ፎቅ ጎረቤታችን ሁለት ጊዜ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ደብድባ መልስ ሰጥታናለች። ይህንን የምነግራችሁ ድምፁን በደንብ አውቀው እንደነበር እንድትመሰክሩልኝ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ «ቦታውን ሳላይ አላቀርብም» አለችና ወሰድኳት። መንደሩ የሚገርም ነው። እስከ 1996 ድረስ ስሙ ኖርዝ ታሪታውን ነበር፤ በዚያ ዓመት ትልቁ የመኪና ፋብሪካ ተዘጋ፣ በዚያው ዓመት ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ስሙን ስሊፒ ሆሎው አለው። ፋብሪካው ሲሄድ ፈረሰኛውን ቀጠሩት ማለት ነው፤ ለሠራተኛ ደግሞ እንደ እሱ የሚመች የለም፤ ሌሊት ይሠራል፣ ምሳ አይጠይቅም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት ቡድን እንኳን የሚጠራው በእሱ ነው። በሃሎዊን ሰሞን የሚመጣው ሕዝብ ብዛት የጥምቀት ዋዜማ ያስመስለዋል፤ መኪናዬን ያቆምኩት ከቤተ ክርስቲያኑ የሩብ ሰዓት እግር መንገድ ርቄ ነው።

በ1859 የሞተውን የኢርቪንግን መቃብር አየን። የድሮው የእንጨት ድልድይ ግን ከጠፋ ቆይቷል፤ አውራ ጎዳናው ላይ ያለው መኪና የሚመላለስበት ተራ ድልድይ ነው። ልጄ ከንፈሯን ጣለች። «ቢያንስ በዱባው ፎቶ እንነሳ» አለች። ዱባው ደግሞ መኪና ውስጥ ነው። «እዚሁ አጥሩ ሥር ጠብቂኝ» ብያት ሄድኩ።

መኪናው ጋ ስደርስ ጨልሟል፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል። ከኋላ ወንበር ጋቢዬን አውጥቼ ደረብኩ። ጥቁር ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ፣ ጥቁር ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ አደረግሁ፤ በመሐል የቀረችውን እግዚአብሔር ሲፈጥረኝ አጨልሟታል። የሰው ጭንቅላት የሚያህለውን ዱባ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ተመለስኩ። ከሩቅ ላየኝ ሰው ምን እንደምመስል አንድ ጊዜ እንኳን አላሰብኩም።

መንገድ ላይ ስልኬ ተንጫረረ፤ «የት ደረስክ?» የሚል መልእክት ነው። በጓንቴ አውራ ጣት «መጣሁ» ልጽፍ ስታገል የሆነ ነገር ነካሁ። ምንም ስላልሰማሁ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። የነካሁት የአሥራ አንድ ደቂቃውን ድምፅ ኖሯል። የመጀመሪያው አርባ ሰከንድ ነፋስ ብቻ ነው፤ ልጄ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የቀዳችው እውነተኛ ነፋስ። እኔም በእውነተኛ ነፋስ ውስጥ እየሄድኩ ስለነበር ልዩነቱ አልታወቀኝም።

ድልድዩ አፋፍ ላይ ስደርስ ከበስተኋላዬ፦ ደብ ደብ፣ ደብ ደብ።

ቆምኩ። ኮቴውም ቀጠለ። ዞር አልኩ፤ ማንም የለም። እርምጃዬን አፈጠንኩ፤ ኮቴው አብሮኝ ፈጠነ፣ እየቀረበም መጣ። ሙቀጫ ነው ብሎ ማን ያስብ? በዚያ ሰዓት የቤታችን ሙቀጫ ዮንከርስ ነው ያለው። «ፈረሰኛ ፖሊስ ይሆናል» እያልኩ ራሴን ሳጽናና፣ ከጎኔ፣ እውነት እላችኋለሁ ከወገቤ አካባቢ፣ አንድ ወፍራም ድምፅ በአማርኛ፦

«ጭንቅላቴን... ማን ወሰደው?»

በእንግሊዝኛ ቢሆን ችዬ እቆም ነበር። በጀርመንኛም ቢሆን የአገሩ ሰው ነው እል ነበር። የኒው ዮርክ መንፈስ በአማርኛ ሲጠይቅህ ግን የሚፈልገው አንተን ነው። አነጋገሩ ደግሞ ያንተና የእኔ አማርኛ አይደለም፤ «ጭ»ን እንደ ፈረንጅ ያለሰልሳታል፣ መቃብር ውስጥ ሆኖ ለሁለት መቶ ዓመት ሲያጠናን የኖረ ወታደር ይመስላል። ብብቴ ሥር ያለውን ዱባ አየሁት። ጭንቅላቱን ማን እንደወሰደው በዚያ ቅጽበት መልሱ በእጄ ነበር።

«በስመ አብ!» ብዬ ሩጫዬን ለቀቅሁት።

ከድልድዩ ማዶ ሃያ የሚሆኑ ጎብኚዎች ፋኖስ ይዘው አንዲት አስጎብኚን ከበው ቆመዋል። የት ቦታ ላይ እንደደረሰች አላውቅም፤ ከአኳኋናቸው ግን ፈረሰኛው ድልድዩ ላይ ብቅ የሚልበት ሳይሆን አይቀርም። ከጨለማው ውስጥ ከአንገቱ በላይ ምንም የሌለው ነጭ ነገር፣ ጭንቅላቱን በብብቱ ይዞ፣ «ማርያም! ማርያም!» እያለ መጣባቸው። የመጀመሪያውን ጩኸት ያሰማው ፂሙ ደረቱ የደረሰ ግዙፍ ሰውዬ ነው። እኔ በእሱ ጩኸት ደነገጥኩና እንደገና ጮኽኩ። ጋቢዬን ረገጥኩት። ዱባው ከእጄ አምልጦ አስፋልቱ ላይ ተፈረከሰ፤ ኮፍያዬም ተንከባሎ አጠገቡ አረፈ።

ፀጥ አለ። አስጎብኚዋ ፋኖሷን ወደ ኮፍያው፣ ከዚያ ወደ ዱባው አዞረች። ከዚያ ጭብጨባው ፈነዳ።

በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ መላጣዬ በፋኖስ እያበራ፣ ሃያ ሰው ቆሞ አጨበጨበልኝ። ኢካቦድ፣ ክብር ለቀቀ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው «በዚህ ዕድሜህ እንዲህ መሮጥህ!» ብለው አምስት ዶላር መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ለማስረዳት ትንፋሽ አልነበረኝም።

ልጄ ጫጫታውን ሰምታ እየሮጠች የደረሰችው ይኼኔ ነው። ዱባውን አየች፣ ኮፍያውን አየች፣ እኔን አየች። ልታነሳኝ እጇን ዘረጋችልኝና ድንገት ደረቀች። ከኪሴ ውስጥ ፈረሱ አሁንም ይጋልባል። ደብ ደብ፣ ደብ ደብ። ቀጥሎም ካትሪና በልጄ ድምፅ መናገር ጀመረች።

«አባዬ፣ ይህ የእኔ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«የምትሮጠው ከእሱ ነው?»

ዝም አልኩ።

«ሰምቼዋለሁ፣ ግሩም ነው ብለኸኝ አልነበረም?»

የዱባውን ስብርባሪ በጋቢው ሰበሰብን። እስከ መኪናው ድረስ ሩብ ሰዓት ሙሉ ከእኔ ሦስት እርምጃ ቀድማ ሄደች። መኪና ውስጥ ስንገባ ስልኩን አውጥቼ ከመጀመሪያው ከፈትኩት፤ ነፋሱን ጨምሮ። ታሪኩ ውስጥ ካትሪና የልጁን ጭንቅላት ከእርሻ መሐል አግኝታ ታጥበዋለች፤ ስሙንም ትጠይቀዋለች። መጨረሻው ላይ ፈረሱ እየራቀ እየራቀ ይሄዳል፤ ከዚያ ልጄ በተለመደው ድምፅዋ፣ «ምስጋና፦ ሙቀጫዋን ላዋሰችኝ ለእናቴ፣ ከማንም ቀድሞ ለሰማልኝ ለአባቴ» ትላለች።

ቀይ መብራት ላይ ነበርን። አረንጓዴ ሲበራ አላየሁትም፤ ከኋላዬ ጥሩምባ ተነፋብኝ። ልጄ ምንም ሳትናገር እጇን ዘርግታ መሪው ፊት ያስቀመጥኳትን አምስት ዶላር ወሰደችና ኪሷ ከተተች።