ሱኪ ዝም እንድትል ስምንት ወር ፈጀብኝ

ባለፈው ቅዳሜ የድራማ ስክሪፕቴን የመጀመሪያ ክፍል ጨረስኩ። ሃምሳ አራት ገጽ ነው። አምስተኛው ረቂቅ። ታናሽ እህቴ ከዳር እስከ ዳር ሳታቋርጥ አነበበችው፣ ስልኳንም አንዴ አላነሳችም። እሷን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ልጎርር፤ ጉራዬ ግን ብዙ መንገድ አይሄድም፣ ታዩታላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ስክሪፕት መጻፍ እማራለሁ። አስተማሪ የለኝም። ዘዴዬ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ የተለወጠ መጽሐፍ እመርጣለሁ፣ ድራማውን ሳላይ የመጀመሪያውን ክፍል ራሴ በአማርኛ እሞክራለሁ፣ ከዚያ እነሱ እንዴት እንደሠሩት አይና እናደዳለሁ። እንደገና እጽፋለሁ። ልምምድ ነው። የሰው ድርሰት ስለሆነ አይሸጥም፣ አይቀረፅም፤ ከእህቴና ሳር ቤት ካፌ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምንገናኘው ሁለት ጓደኞቼ በቀር የሚያነበውም የለም።

ዘንድሮ የያዝኩት የሻርሌን ሃሪስን የቫምፓየር መጻሕፍት ነው። የመጀመሪያው፣ «ዴድ አንቲል ዳርክ»፣ በ2001 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አሥራ ሦስተኛውና የመጨረሻው በ2013። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ ደግሞ ከ2008 እስከ 2014 «ትሩ ብለድ» በሚል ስም ሰባት ሲዝን፣ 80 ክፍል ሠራበት። ወደ ድራማ ያመጣው አለን ቦል ነው። ሰውዬው የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበረው፤ ቀድሞ ደረሰና ሰዓቱ እስኪሞላ መጽሐፍ መደብር ገብቶ ሲያገላብጥ ነው መጽሐፉን ያገኘው። እኔ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄጄ ያገኘሁት ወረፋ ብቻ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቦታው ሰሜን ሉዊዚያና ውስጥ ያለች ቦን ቶም የምትባል የፈጠራ ከተማ ናት። ጃፓኖች ሰው ሠራሽ ደም ሠርተዋል። ቫምፓየሮች ከዚህ በኋላ ሰው መብላት አያስፈልገንም ብለው ከተደበቁበት ወጥተው የዜግነት መብት ይጠይቃሉ። ሱኪ የምትባል የባር አስተናጋጅ አለች፤ የሰው ሐሳብ ትሰማለች። አንድ ማታ ቢል የሚባል ቫምፓየር መጥቶ ይቀመጣል። የሱን ሐሳብ ግን አትሰማም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እዘላቸዋለሁ። ትዕይንቶቹን አንድ በአንድ ካርድ ላይ መጻፍ፣ ካርድ መቅደድ፣ ካርድ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበር። (ካርድ አትግዙ። የማካሮኒ ካርቶን በመቀስ ቆርጣችሁ ጀርባው ላይ ጻፉ፤ ጠንካራ ነው፣ ስትቀድዱትም አያሳዝንም።) አንድ ጓደኛችን «ለምን ቫምፓየሩን ቡዳ አድርገን ታሪኩን ወደ ጎጃም አናመጣውም?» አለ። ለአንድ ሳምንት ተጨቃጨቅን። እኔ እምቢ አልኩ፣ አሁንም እምቢ ነው። ቫምፓየር የሚባል ጎረቤት ያለው ሰው የለም። «ቡዳ» እየተባለ የተገለለ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ግን እዚሁ አገራችን አለ። በዚያ ላይ በእውነት ደም የሚጠጣ ቡዳ ስንጨምርበት ስድቡን ልክ ነበር ማለት አይሆንም? ታሪኩ እዚያው ሉዊዚያና ይቅር፤ አማርኛ መናገራቸው ይበቃል።

ዋናው ጣጣ ሌላ ነው።

መጽሐፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሱኪ አፍ የሚነገር ነው። «እኔ» እያለች ነው የምታወራን። ድካሟን፣ ቅናቷን፣ በሰው ላይ የምትወረውራትን ቀልድ የምናገኘው ከራሷ ነው። አንባቢ የሚወዳትም ለዚያ ነው። ታዲያ ካሜራው ፊት ስትቆም ያ ሁሉ ወሬ የት ይሂድ?

የመጀመሪያው ረቂቄ መልስ ቀላል ነበር፤ ከጀርባ ድምጿን አስገባ። አስገባሁ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ። ሱኪ ሦስት ሳህን ተሸክማ፣ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ በጠረጴዛዎች መሃል ትሹለከለካለች፤ ድምጿ ከጀርባ «በጣም ደክሞኝ ነበር» ይላል። እህቴ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ይቺ ልጅ ዝም አትልም እንዴ? እያየኋት እኮ ነው!» አለችኝ።

ሁለተኛው ረቂቅ ከዚያም የባሰ ሆነ። ድምጹን አጠፋሁና ወሬውን በሙሉ ወደ ንግግር ቀየርኩት። ሱኪ ወጥ ቤት ገብታ ለአያቷ «እንደምታውቂው ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ሐሳብ እሰማለሁ» ትላለች። ካወቀች ለምን ትነግራታለች! ይሄ በሽታ የኛም ተከታታይ ድራማዎች ላይ ሞልቷል። ወንድም ወንድሙን «አባታችን ከሞተ እንግዲህ አምስት ዓመቱ ነው» የሚልበትን ትዕይንት ስንት ጊዜ አይተናል? እኔም ሶፋ ላይ ተጋድሜ ስንቴ ስቄባቸዋለሁ። ብዕር ስይዝ ግን ቀጥ ብዬ እዚያው ገባሁ።

እዚህ ስደርስ ተስፋ ቆርጬ ድራማውን ከፈትኩ።

የመጀመሪያው ክፍል በሱኪ አይጀምርም። ማታ ነው፣ መንገድ ዳር ያለች ሱቅ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ቫምፓየር ስለ መብታቸው ቃለ መጠይቅ ትሰጣለች። ሻጩ ጥቁር ለብሶ፣ ፀጉሩን አሳድጎ ቫምፓየር መስሏል፤ የገቡትን ወጣቶችም ቫምፓየር ነኝ እያለ ያስፈራራቸዋል። ጥግ ላይ ደግሞ የአዳኝ ልብስ የለበሰ ወፍራም ገበሬ መሳይ ሰው ቆሟል። እውነተኛው ቫምፓየር እሱ ነው። በቃ። ሰው ሠራሽ ደም እንዳለ፣ ቫምፓየር በአደባባይ እንደወጣ፣ ሰው እንደሚፈራቸውም እንደሚጓጓላቸውም፣ በመልክ እንደማይለዩም በአንዲት አጭር ትዕይንት አወቅን። ተራኪ የለም። እኔ ለዚሁ ነገር አራት ገጽ ፈጅቼ ነበር። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ግን ደግሜ ሳየው ሌላ ነገር ገባኝ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ለሱ ብዬ ነው። መጽሐፉ ላይ የምንሰማው የሱኪን ሐሳብ ነው። ድራማው ላይ ሱኪ ታሪኩን አትተርክም፤ የምንሰማው የሌሎቹን ሐሳብ ነው፣ በሷ ጆሮ። ባሩ ውስጥ ስትዞር ከየጠረጴዛው ይዘንብባታል። ስለ እሷ የሚታሰበው ቆሻሻ፣ የአንዱ ጭንቀት፣ የሌላው ስስት። እንደደከማት ማንም አይነግረንም፤ እኛም አብረናት ይደክመናል። ከዚያ ቢል ይገባና ከሱ ምንም አይሰማም። ያን ጊዜ ለምን እንደምትወደው ለማስረዳት አንድ ቃል አያስፈልግም። እረፍት ሆነላታ!

ሦስተኛውን ረቂቅ በዚህ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጫጫታ ጻፍኩ። አንዱ ሚስቱ ስትደውል ስልኩን እያጠፋ «ዛሬስ ምን ልዋሻት» ይላል በልቡ። ሌላው የቢራውን ሒሳብ እየደመረ ኪሱ ውስጥ ያለውን ይቆጥራል (ይሄ እኔ ነኝ፣ ልማድ ነው)። አንዲቷ የሱኪን ጫማ አይታ የምታስበውን እዚህ አልጽፈውም። ድምፅ በድምፅ ላይ ደረብኩ። ቢል ያለበት ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ ግማሽ ገጽ ባዶ ተውኩ። ሐሳቤ አንባቢው ዝምታውን እንዲያየው ነበር። ጓደኛዬ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሶ ነው?» አለ። አሁን ባዶው ሁለት መስመር ሆኗል። ያለሱ ግን አልችልም።

ይህም የችግሩን ግማሽ ብቻ ነው የፈታው። የሱኪ ቀልድና ንዴትስ? አለን ቦል ያንን ለሌላ ሰው ነው ያከፋፈለው። የሱኪን ጓደኛ ታራን ተመልከቱ። በመጽሐፎቹ ኋላ ላይ ነው የምትመጣው፣ ነጭም ናት። ድራማው ላይ ጥቁር ሆና ከመጀመሪያው ክፍል አለች፤ ሱኪ በልቧ ይዛ የምትቀረውን እሷ በአፏ ትለዋለች። የባሩ ወጥ ሠሪ ላፋዬትም እንደዚያው። በመጽሐፉ እሱ ሁለተኛው ቅጽ ሲጀምር ሞቶ መኪና ውስጥ ይገኛል። ድራማው ላይ ግን አስከሬኑ የሌላ ሰው ሆነና ኔልሳን ኤሊስ የተጫወተው ላፋዬት እስከ መጨረሻው ሲዝን ዘለቀ። «መጽሐፉን አልተከተለም» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ምን እንደሚመልሱ ባውቅ ደስ ይለኛል። እኔ ለመጽሐፉ ታማኝ ሆኜ በረቂቄ ላፋዬትን አራት መስመር ሰጥቼው ነበር። ቀሽም ታማኝነት።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የጄሲካ ነገር ነው። መጽሐፉ ላይ አንዱን ሌባ ቫምፓየር የሚገድለው አለቃው ኤሪክ ነው። ድራማው ገዳዩን ቢል አደረገው። ቢል ስለገደለ ይቀጣል፤ ቅጣቱ አንዲት ኮረዳ ወደ ቫምፓየርነት መለወጥ ነው። መጽሐፎቹ ውስጥ የሌለችው ጄሲካ እንዲህ ተወለደች፣ ድራማው እስኪያልቅም ቆየች። አንድ ግድያ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲዛወር ሙሉ ሰው አመጣ። ይህን ካየሁ በኋላ ካርዶቼን በሙሉ አውርጄ እያንዳንዱ ላይ «ሌላ ሰው ቢያደርገውስ?» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። ከአርባ ካርድ ሦስቱ ሠሩ። ሠላሳ ሰባቱ ወደ ማካሮኒ ዘመናቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ከጀርባ የሚመጣ ድምፅ በጭራሽ አይሠራም ብሎ ሰበከ ብላችሁ እንዳትይዙኝ። ቅዳሜ ዕለት እንዲህ ስል ጓደኛዬ አን ራይስ በ1976 ከጻፈችው መጽሐፍ ኤኤምሲ የተባለው ጣቢያ በ2022 የሠራውን «ኢንተርቪው ዊዝ ዘ ቫምፓየር» ጠቀሰልኝና አፌን አስያዘኝ። እዚያ ሉዊ የሚባለው ቫምፓየር ታሪኩን ራሱ ይተርካል። ልዩነቱ ዱባይ ባለው ቤቱ ውስጥ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሽማግሌ ጋዜጠኛ መኖሩ ነው፤ ድሮ እንዲህ አላልከኝም እያለ ይሞግተዋል። ትረካው ራሱ ጠብ ሆነ። ስለዚህ ሕጌን አሻሽያለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ «ውሸትህን ነው» የሚል ሰው ካለ ተርክ፣ ከሌለ ዝም በል። እስኪሻር ድረስ የጸና ነው።

አሁን ኑዛዜ። ሲዝን አምስት ድረስ ነው በደንብ ያየሁት፤ ከዚያ አለን ቦል ሲወጣ እኔም ጣቴን ማሳለፊያው ላይ አድርጌ ነው የጨረስኩት። ሌላው ደግሞ ገጹ ነው። ፈረንጆች አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው ይላሉ። የኔ አማርኛ ላይ አልሠራም። ፊደላችን ቃሉን ያሳጥረዋል፣ ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ ብዙ ንግግር ይታጨቃል። እህቴ ጮክ ብላ ስታነብ በስልኬ ሰዓት ያዝኩላት፤ አንዱ ገጽ በአማካይ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ነው። ሃምሳ አራት ገጼ ሰባ ሁለት ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ይህን ያሰላሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው። አይ የሒሳብ ሠራተኛ!

አሁን የያዘኝ የአያቷ ለቅሶ ነው። ድራማው ላይ ስድስተኛው ክፍል ነው። አያቷ ሳትሞት የጋገረችው ፓይ (የፈረንጅ ጣፋጭ ጋገራ) ፍሪጅ ውስጥ ቀርቷል። ከለቀስተኞቹ አንዷ ልታነሳው ስትል ሱኪ ትጮህባታለች። ከቀብር በኋላ ብቻዋን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ትበላዋለች። አንድ ቃል የለም። በአማርኛ ስሞክረው ፓይ የሚለው ቃል አስቸገረኝ፤ ፓይ ምኔ ነው? ከዚያ የራሴ አያት ትዝ አለችኝ። እሷ ያዘጋጀችው ሽሮ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት ዓመት መደርደሪያችን ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እናቴ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቤቱ ሽሮ ሽሮ ይሸታል፣ ቆርቆሮው ታጥቦ ተደፍቷል። እናቴ «ብላ» አለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም።

ሱኪ ሽሮ አትበላም፣ አውቃለሁ። ፓዩን ግን ያንን ቆርቆሮ እያሰብኩ ጻፍኩት። ስድስት መስመር ነው የወጣው። እህቴ አንብባ ወረቀቱን መለሰችልኝና ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ምን እንዳሰበች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። አሁን አሥራ ስምንት ገጽ ገደማ የሚቆርጥልኝ ጨካኝ ሰው እፈልጋለሁ። የግማሽ ገጹ ባዶ ግን አይነካም፤ ማለቴ የሁለት መስመሩ።